ከዝምተኛው አልጋ ጎን የቆመው ጋሪ

«አንዲት ብልቃጥ ጠፋች ተብሎ ነው ይህ ሁሉ ሽብር?» አለ ራዲዮ፣ የሆስፒታሉን ደረጃ እያለከለከ ሲወጣ።

ራዲዮ አብሮኝ የሚሠራ ሳጅን ነው። አፉ ስለማይዘጋ ጣቢያው በሙሉ የሚጠራው በዚህ ስም ነው፤ እሱም ወዶታል። እኔ ግን ለሳቅ አልተመቸኝም። ጠረጴዛዬ ላይ ሰው የሞተበት ጉዳይ ተከምሮ እያለ አለቃዬ «ሂጂና እይው» ብሎ ለመድኃኒት ሌብነት መላኩ አንጀቴን አሳርሮታል።

የወንዶች ዋርድ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ጋውኑን እስከ አንገቱ ቆልፎታል፤ ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። ሰላምታ እንኳ አልሰጠንም።

«ኢንስፔክተር፣ የጠፋው ተራ መድኃኒት አይደለም» አለና የመድኃኒቱን ስም ነገረኝ። ረጅም ስም ነው፤ ምላሴ ላይ አልቆም አለ። «በብዙ ፈሳሽ ተበጥብጦ በዝግታ ሲሰጥ ሰው ያድናል። እንዳለ ከተወጋ ግን ልብ ያቆማል። እኛም ደርሰን አንመልሰውም።»

«ሲታይ ምን ይመስላል?»

«ውሃ። ጥርት ያለ ውሃ ነው የሚመስለው።»

ራዲዮ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። ብልቃጧ ያለችው አንድ ሰው እጅ ላይ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ለማን ሊወጋት እንዳሰበ እኛ አናውቅም።

«በሩን ዝጉ» አልኩ። «ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። ከእናንተ በቀር መርፌ የሚነካ ሰው እንዳይኖር።»

«ከጠዋቱ ዙር በኋላ እኮ የወጡ አስታማሚዎች አሉ።»

ጨነቀኝ። 

ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ሲታደል አስታማሚ ሁሉ ወደ ኮሪደር ይወጣል፤ ደንቡ ነው። ነርሷ ጋሪዋን እየገፋች ከአልጋ አልጋ ትዞራለች። ዛሬ ያደለችው ልጅ እግር ነርስ ናት። በነርሶች ክፍል ውስጥ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ አገኘኋት።

«ከጋሪው ርቀሽ ነበር?»

«አልራቅሁም።»

«ለአንድ አፍታም?»

«ለአንድ አፍታም፣ ኢንስፔክተር።»

«ታዲያ ብልቃጧ ክንፍ አወጣች?»

አለቀሰች። ሰው ሲያለቅስብኝ እበሳጫለሁ፤ ምን እንደምል አላውቅም። ትቻት ወደ ዋርዱ ገባሁ።

ረጅም ክፍል ነው። አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ መስኮቶቹ አይዘጉም፣ መጋረጃዎቹ አይከፈቱም። በር አጠገብ እግሩ የተቃጠለ አባወራ ተኝቷል። እሱን ጀምሬ ሁሉንም ጠየቅሁ።

«ሲስተር? ኧረ ንቅንቅ አላለችም!» አለ ባለ ቃጠሎው።

«ንቅንቅ አላለችም» አለ የሚቀጥለው።

«ንቅንቅ አላለችም» አለ ሦስተኛው፣ አይኑን እንኳ ሳይገልጥ።

ሸተተኝ። ሰው ያየውን ሲናገር ሁሉም በየራሱ አፍ ነው የሚናገረው። እነዚህ ተመካክረዋል። ልጅቱን ይወዷታል፤ እኔን ደግሞ ገና ሲያዩኝ ጠልተውኛል።

የመጨረሻው አልጋ ግድግዳው ጥግ ነው። እዚያ የተኛውን ሰው ነርሶቹ «ዝምተኛው» ይሉታል። ልብስ ሰፊ ነበር አሉ፤ አንድ ቀን ስፌት መኪናው ላይ እንዳለ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰም፣ ጣት አላነቃነቀም። አይኑ በከፊል ተገልጦ ጣሪያውን ያያል፤ የሚመገበው በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ ነው። ባለቤቱ፣ ጸጉራቸውን በሻሽ የሸፈኑ ትልቅ ሴት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በብርድ ልብሱ ሥር እጁን ይዘዋል።

«እርስዎስ እናቴ፣ ጠዋት መድኃኒት ሲታደል የት ነበሩ?»

«ጓሮ አንሶላውን ሳጥብ ነበር ልጄ።»

«ያዩት ነገር የለም?»

«እኔ ምን አያለሁ? የማየው እሱን ነው። ያመዋል። እስቲ አንቺ ንገሪልኝ፣ አንቺን ይሰሙሽ ይሆናል።»

ኃላፊው ከኋላዬ በረጅሙ ተነፈሰ። «እናቴ፣ ስንቴ ልንገርዎት? እሱ ምንም አያውቅም። ሕመምም አይሰማውም።»

«ታዲያ እንባው ለምን ይወርዳል?»

«ዐይን ሲደርቅ ያነባል።»

ሴትየዋ በሻሻቸው ጫፍ የባላቸውን ጉንጭ ጠረጉ። እኔም መርዝ የያዘ ሰው እያሳደድኩ በእንባ ልከራከር አልፈለግሁም።

የመድኃኒት ጋሪው ጠዋት እንደቆመ አልጋው ጎን ቆሟል፤ ሰው እንዳይነካው ኃላፊው አዟል። የመሳቢያዎቹ ፊት ወደ አልጋው ነው። ቁልፉ ተሰብሮ በቦታው ፕላስተር ተለጥፎበታል። ዞሬ ለማየት ጎተት ሳደርገው ጎማው ሲጢጥ አለና ዋርዱን አደነቆረው።

«ኧረ በፈጠራችሁ ይቺን ጎማ ዘይት ቀቡልን!» አለ ባለ ቃጠሎው ጆሮውን ይዞ።

የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠን የበሩ ጥበቃ ነው።

«የባለ ቃጠሎው ልጅ የታክሲ ሹፌር ነው» አለን። «ትናንት አባቱ ሲጮህ ነርሷ ላይ ጮኸባት። ‹ማስታገሻ ካልሰጣችሁት ራሴ ወስጄ እወጋዋለሁ› ብሏል፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ዛሬ ዙሩ እንዳለቀ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።»

«በዙሩ መሀልስ ገብቶ ነበር?»

ጥበቃው ጭንቅላቱን አከከ። «እኔማ በሩ ላይ ነበርኩ… ብቻ እንዲህ ለአፍታ ደግሞ…»

«ለአፍታ ደግሞ ምን?»

«ሽንት ቤት።»

ጥበቃው ሳይጨርስ ራዲዮ ደረጃውን እየወረደ ነበር። እኔ ኃላፊውን ይዤ ባለ ቃጠሎው አልጋ አጠገብ አስቀመጥኩት። «ልጁ ቢመጣ እንኳ አያስነኩት» አልኩት። ከዚያ ወደ ነርሷ ተመለስኩ፤ የጎማው ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

ልጅቱ አሁንም እጆቿን አጣምራለች። ክፍሉ ሞቃት ነው፤ እሷ ግን ጃኬት ደርባ እስከ ላይ ዘግታዋለች።

«ክፈቺው» አልኳት።

«በርዶኝ ነው።»

«ሲስተር፣ እኔም ሴት ነኝ። ክፈቺው።»

ጃኬቱን ፈታችው። የጋውኗ ደረት ግራና ቀኝ ርሷል። ጡቷ ወተት አፍስሶ ነው። ቁጭ አልኩ፤ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

«ልጅሽ ስንት ጊዜው ነው?»

«ገና ነው፣ አራስ ነኝ ማለት ይቻላል። ፈቃዴ አለቀ ብለው መለሱኝ» አለች እየተንሰቀሰቀች። «ጡጦ እምቢ አለ። እህቴ ጠዋት ጠዋት ይዛው በጓሮ ደረጃ ትመጣለች፤ በዙሩ መሀል ሮጥ ብዬ አጠባዋለሁ። በሽተኞቹ ያውቃሉ። ‹ሂጂ፣ እኛ አለን› ይሉኛል። ከተሰማ ከሥራ እባረራለሁ ኢንስፔክተር። ዛሬ ደግሞ አልጠገበም፣ ሲያለቅስ ነው ትቼው የመጣሁት።»

«ጋሪውንስ?»

«ቁልፉ ተሰብሯል። ስለዚህ ሁላችንም ዝምተኛው አልጋ ጋ ነው የምናስጠጋው፤ መሳቢያውን ወደ እሱ አዙረን። እሱ እጁን አያነሳም። ሌላ ሰው ሊከፍተው ከፈለገ መጎተት አለበት፣ ከጎተተው ደግሞ ይጮሃል። ከቁልፍ ይሻላል እንላለን።»

ዝምተኛውን ቁልፍ አድርገውታል። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም ነበር።

«ብልቃጧስ የት ነበረች?»

አሁን ፊቷ አመድ መሰለ። «እሷ መቀመጥ ያለባት በሚቆለፈው ሣጥን ነው። ቁልፉን የሌሊቷ ነርስ ይዛ ሄደች። መድኃኒት ከምንበጠብጥባቸው የውሃ ብልቃጦች ጋር ብትደባለቅስ ብዬ ፈራሁና… ታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ባዶ የማስታገሻ ካርቶን ነበረ። ቀይ መስመር ያለበት። እዚያ ደበቅኳት።»

«ስለዚህ የወሰዳት ሰው…»

«ማስታገሻ መስሎታል።»

ተነሥቼ ቆምኩ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነፍሰ ገዳይ ነበር የምፈልገው። አሁን ግን የምፈልገው የሚወደውን ሰው ከሕመም ሊያሳርፍ የተዘጋጀ ሰው ነው። ይህኛው ይባስ ያስፈራል፤ ነፍሰ ገዳይ ያመነታል፣ እንዲህ ያለው ሰው ግን አያመነታም።

ወደ ዋርዱ ሮጥኩና መሀል ላይ ቆሜ ጮህኩ። «ሲስተር ልጇን ልታጠባ መውጣቷን አውቄአለሁ! መዋሸቱ ይብቃ። እሷ በሌለችበት ይህ ጎማ ጮኋል?»

ተያዩ። ባለ ቃጠሎው ጉሮሮውን ጠረገ። «አልጮኸም» አለ። «የጮኸው ስታቆመው ነው። ከዚያ ወዲህ አንቺ ስትጎትቺው ነው።»

ይህን ሰምቼ ማሰብ ሳልጀምር ራዲዮ ሹፌሩን በክንዱ ይዞ ገባ።

«ታክሲ ተራ ነው ያገኘሁት። ቦርሳው ውስጥ ይህን ተመልከች!» ብሎ መርፌ አሳየኝ።

«የት አደረግኸው?» ብዬ አንገቱ ሥር ገባሁ። «ብልቃጡን! ለማን ሰጠኸው?»

«የምን ብልቃጥ? ስኳር አለብኝ እኮ እህቴ! የራሴ መርፌ ነው፣ ሆዴን እዪው!» ሸሚዙን ገለጠ። ሆዱ ላይ የመርፌ ጠባሳዎች ተደርድረው ነበር። የዋርዱ ዶክተር መጣና መርፌውን አየ፣ ትንሿን የኢንሱሊን ጠርሙስም አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ነው።

«ትናንት ያልኩትን ተናድጄ ነው ያልኩት» አለ ሹፌሩ። ነገሩን ሲያስረዱት ግን አባቱ አልጋ ላይ ዘፍ አለ። «ወስጄ ቢሆን ኖሮ? ያን ጊዜ አባቴን ልገድል ነበር?»

 በእኔ እጅ ምንም ፍንጭ አልቀረም። ጋሪው አልተነቃነቀም፣ ሰው አልገባም፣ ብልቃጧ የለችም፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ፊቴን በውሃ ልመታ ኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው ቧንቧ ሄድኩ። ስከፍተው ሳል ነገር አሰማና ዝም አለ።

«እሱን ተይው፣ ከትናንት ጀምሮ የለም» አለችኝ የጽዳቷ ሴት፣ ባዶ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀምጣበት።

«ጓሮስ?»

«ሁሉም አንድ መስመር ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት አንሶላ ያጠበ ሰው…»

«በምን ውሃ? በምራቅ?»

እንደቆምኩ ደረቅሁ። «አስታማሚዎች ማታ የት ነው የሚተኙት?»

«የት ይተኛሉ፣ አልጋ ሥር ነዋ። ምንጣፋቸውን ዘርግተው።»

አልጋ ሥር። የጋሪው ታችኛ መሳቢያ ፊት ለፊት። ጎማውን ሳይነኩ፣ እጅ ዘርግቶ ብቻ። ወደ ኮሪደር እንዲወጡ ሲባል ያልወጡ አንድ ሰው ነበሩ፤ ማንም ዝቅ ብሎ አላየም።

ስሮጥ ራዲዮ ከኋላዬ «ምን ተገኘ?» ይላል። ዋርዱ በር ስደርስ የጥጉ አልጋ በመጋረጃ ተከልሏል።

«ማነው የከለለው?» ጮህኩ።

«ሴትየዋ ናቸው» አለ ኃላፊው ከባለ ቃጠሎው ጎን ሳይነሳ። «ልብሱን ልቀይር አሉ።»

መጋረጃውን ገነጠልኩት ብል ይቀላል። ሴትየዋ ባላቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል። በቀኝ እጃቸው መርፌ ይዘዋል።

«ወጋሽው?» አልኩ፤ አክብሮቴ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ወጋሽው ወይ?»

«ገና ነው» አሉ ቀና ብለው። አልካዱም። የመያዝ ድንጋጤም አላየሁባቸውም፤ የደከማቸው ሰው ናቸው። «ትንሽ ተዪኝ ልጄ። አንዴ ይረፍልኝ፣ ከዚያ ወደፈለግሽው ውሰጂኝ።»

መርፌውን ያዝኩት። ባዶ ነው። «ብልቃጡስ?»

«እጁ ውስጥ። የእሱን እጅ ማን ይፈትሻል ብዬ ነው።»

«እናቴ፣ ማስታገሻ አይደለም እኮ።»

«ነው! ቀይ መስመር አለበት። ለዚያ እግሩ ለተቃጠለው ሲወጉት ወዲያው ዝም ይላል፣ ይተኛል። ስንት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ ለእሱም እንዲሰጡልኝ!»

«ካርቶኑ ነው እንጂ ውስጡ ሌላ ነው። ልብ የሚያቆም መድኃኒት ነው። ቢወጉት ኖሮ እጅዎ ላይ ነበር የሚሞተው።»

 «ወይኔ ጉዴ» አሉ ሴትየዋ በሹክሹክታ። «በገዛ እጄ?» ብርድ ልብሱን ገፈፉት። የዝምተኛው እጅ መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ ብልቃጧ መሀሉ ላይ ተቀምጣለች። ሊያነሷት ጣታቸውን ሰደዱ።

እጁ ተዘጋ።

በዝግታ ነው የተዘጋው፤ መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ ሌሎቹ፣ በመጨረሻ አውራ ጣቱ። ብልቃጧን ጨብጦ ያዘ።

ዶክተሩ ከኋላዬ ደርሶ ነበር። «ጡንቻ አንዳንዴ በራሱ ይኮማተራል» አለና ሊፈታው ሞከረ። አልተፈታም። እንደገና ሞከረ። «ይሄ እጅ እኮ… በየጠዋቱ እያነሳሁ የምለቀው እጅ ነው። ጨርቅ ነው የሚመስለው» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ።

ቀድሞ ነገሩ የገባቸው ባለቤቱ ናቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰምቶሻል። ልብ ያቆማል ስትይ ሰምቶሻል፤ ሊሞትበት ነው የያዘው።»

 እኔ የምይዘው አጣሁ፤ የአልጋውን ብረት ያዝኩ። ይህ ሁሉ ወር ሰውየው እያንዳንዱን ቃል ሲሰማ ኖሯል። ምንም አያውቅም ሲሉም ሰምቷል። ሕመም አይሰማውም ብለው ሲያልፉትም ሰምቷል።

ሴትየዋ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩና አፋቸውን ጆሮው ላይ አደረጉ። የተናገሩት ግን ሁላችንም ጋ ደረሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ። ሕመምህን ላስታግስልህ ነው የሰረቅሁት እንጂ ልሸኝህ አይደለም። እዚህ ሥርህ ስተኛ የከረምኩት ለዚህ ነው እንዴ? ተው፣ እንዲህ አታድርገኝ። አንተ ብትሄድ እኔ የት እገባለሁ? ልቀቀው። አይተውሃል፣ እንደምትሰማ አውቀዋል። አሁን ይሰጡሃል። ልቀቀው በሞቴ።»

አልለቀቀም። እሳቸውም ግንባራቸውን ጡጫው ላይ አስደግፈው ቀሩ። ራዲዮ፣ ያ አፉ የማይዘጋ ሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ጣቶቹ ላሉ። ብልቃጧ አንሶላው ላይ ተንከባለለች፣ ኃላፊው በሁለት እጁ አፈሳት።

ዶክተሩ አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጣቱን መዳፉ ውስጥ አስገባ። «አባቴ» አለ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ከባለቤቱ በቀር ለሰውየው በቀጥታ የተናገረ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ይሰሙኛል? የሚያምዎት ከሆነ ጣቴን ይጨብጡ።»

ሰውየው ጨበጠው። ዶክተሩ ሰውየው እስኪለቀው ድረስ አልተነሳም፤ ልነሳ ቢልም አይለቀውም ነበር።

እውነተኛውን ማስታገሻ ያመጣችው ያችው ነርስ ናት። ኃላፊው ጽሑፉን አንብቦ ካረጋገጠ በኋላ ወጋችው። ትንሽ ቆይቶ የሰውየው ግንባር ተፈታ፤ ያን ጊዜ ነው ሁልጊዜ ተቋጥሮ እንደነበር ያወቅሁት።

«ነግሬያችሁ ነበር እኮ» አሉ ሴትየዋ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

ወደ ኮሪደር ወጥቼ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ሴትየዋን እንዳላስራቸው ለመንኩት፤ እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። «የሰው ሕይወት ለጥቂት ነው የተረፈው። ይዘሻት ነይ» አለና ዘጋው። ነርሷንም ከሥራ አግደው ሲያሰናብቷት ባለ ቃጠሎው ከአልጋው ሆኖ «ንቅንቅ አላለችም ብለናል!» እያለ ይጮህ ነበር። የሰማው የለም።

ስመለስ ሴትየዋ ሻሻቸውን አስተካክለው ይጠብቁኛል። ባላቸው እጃቸውን ጨብጦ ይዟል።

«ካቴናሽን እዚህ አታውጪ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ድምፁን ይሰማል።»

«አላወጣም እናቴ።»

ወደ ባላቸው ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው እቃ ሊያመጣ ብድግ እንዳለ ሰው ድምፅ ነበር፤ እንዴት እንደቻሉት እግዜር ይወቅ።

«ልቀቀኝ እስቲ ሰውዬ። እዚሁ ኮሪደር ድረስ ነው፣ አሁን መጣሁ። እሺ? መጣሁ።»

ጣቶቹ ወዲያው ተፈቱ። ሴትየዋ ሳይዞሩ በአልጋዎቹ መሀል ቀድመውኝ ሄዱ፤ እኔና ራዲዮ ተከተልናቸው። ደረጃው ጋ ስንደርስ ሁለት እጃቸውን አንድ ላይ አድርገው ዘረጉልኝ።

«አመነኝ» አሉ።